ድምፅ፣ መብራትና ቪዲዮን በአንድ ቁልፍ ማስነሳት፦ ለአነስተኛ መድረክ የሚሆን የአሠራር መመሪያ

«ድምፁን አንድ ልጅ ይነካል፣ መብራቱን ሌላ፣ ፕሮጀክተሩን ሦስተኛ። ሦስቱ አንድ ላይ ተነስተው አያውቁም። ምን ፕሮግራም እንጫን?» የቴአትር ክበብ ያላቸውም፣ ባንድ የሚመሩትም፣ በውጭ አገር የማኅበረሰብ አዳራሽ ውስጥ ዝግጅት የሚያስተባብሩትም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

እዚህ የማሳየው አንድ ላፕቶፕ መሐል ላይ ሆኖ ድምፅና ቪዲዮን ራሱ እያጫወተ፣ ለመብራት ቦርዱ ደግሞ በኔትወርክ ትእዛዝ የሚልክበትን አሠራር ነው። የምጠቀመው ኪውላብ (QLab) የሚባለውን የሾው ማስነሻ ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ያላችሁ ሾው ኪው ሲስተምን፣ ሊኑክስ ያላችሁ ሊኑክስ ሾው ፕሌየርን ሞክሩ። የሜኑዎቹ ስም ይለያያል እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። ማሽን ከማሽን ጋር እኩል እንዲነሳ ማድረግ የኮምፒውተሩ ሥራ ነው፤ ማሽኑን ከተዋናዩ ትንፋሽ ጋር ማገናኘት ግን ቁልፉ ላይ የተቀመጠው ሰው ሥራ ነው። ከታች «ይህን አውቶማቲክ አድርጉ፣ ይህን ለሰው ተዉ» የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማክ ላፕቶፕ። ከተቻለ እስከ ሾው ማብቂያ ለሌላ ሥራ የማይወጣ።
- ኪውላብ። ነፃው ስሪት ድምፅ በሁለት ቻናል ያወጣል፤ ለብዙ ትናንሽ ተውኔቶች ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በቀን ሂሳብ ይከራያልና ለሦስት ምሽት ሾው ሙሉውን መግዛት የለባችሁም።
- በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የኮምፒውተሩን ድምፅ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳጥን)። የራሱ አዳፕተር ያለውን ያልመረጥኩት መብራት ሲሄድ አብሮ ስለሚጠፋ ነው።
- ሁለት ዲአይ ቦክስ (የኢንተርፌሱን ድምፅ ለሚክሰር የሚያመች አድርጎ የሚያሳልፍ ትንሽ ሳጥን)፣ ወይም ባለ ሁለት ቻናል አንድ።
- ባለ 5 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ የኔትወርክ ስዊችና ካት 6 ኬብሎች።
- ኦኤስሲ (በኔትወርክ) ወይም ሚዲ (በራሱ ኬብል) የሚባለውን ትእዛዝ የሚቀበል የመብራት ቦርድ። ቦርድ ከሌላችሁ አርትኔትን (በኔትወርክ የሚሄደውን የመብራት ምልክት) ወደ ዲኤምኤክስ (መብራቶቹ በኬብል ወደሚቀበሉት) የሚቀይር ኖድ ግዙ፤ ኪውላብ መብራቱን በራሱ ይነዳዋል።
- ፕሮጀክተር። ከላፕቶፑ ያለው ርቀት ከ10 ሜትር ካለፈ ተራ ኤችዲኤምአይ ኬብል አትመኑ፤ በካት 6 የሚያስተላልፍ ኤክስቴንደር ተከራዩ።
- ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ)። ለቦርዱ፣ ለስዊቹና ለኤክስቴንደሩ።
- ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ፣ የጨርቅ ቴፕ፣ እርሳስና ላጲስ።

1. መጀመሪያ ኪው ሽቱን በወረቀት ጻፉ

ኮምፒውተሩን አትክፈቱ። ጽሑፈ ተውኔቱን ይዛችሁ ከአዘጋጁ ጋር ተቀመጡና አንድ ነገር የሚለወጥበትን ቦታ ሁሉ አስምሩ፤ እዚያ ላይ የሚሰጠው የለውጥ ትእዛዝ ኪው ይባላል፣ ዝርዝሩ ደግሞ ኪው ሽት። ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቁጥር፣ ምልክቱ (የትኛው ቃል ወይም የትኛው እንቅስቃሴ)፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ስክሪን። ቁጥሩን 10፣ 20፣ 30 እያላችሁ ዝለሉት። በልምምድ ጊዜ አዘጋጁ «እዚህ ጋ የውሻ ጩኸት ይግባ» ማለቱ አይቀርም፤ 25 ብላችሁ ታስገባላችሁ እንጂ ሁሉን እንደገና አትቆጥሩም።

ምልክቱን በግልጽ ጻፉት። «እናትየው ስታዝን» ምልክት አይሆንም፤ «እናትየው ነጠላዋን ራሷ ላይ ስትጥል» ግን ይሆናል። ቁልፉን የሚጫነው ሰው በዓይኑ የሚያየው ወይም በጆሮው የሚሰማው ነገር ይፈልጋል።

የመብራት ቦርዱም የኪውላቡም ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን። ኪውላብ ላይ 40 የሆነው ቦርዱ ላይ 17 ከሆነ፣ ስቴጅ ማናጀሩ (ኪዎቹን የሚጠራው ሰው) በጨለማ ሲጠራችሁ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ይሰማል።

2. ማኩን ለሾው አዘጋጁት

ይህ ደረጃ አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከዚያ ፕሮጀክተሩ ላይ የአጎት ልጅ መልእክት ይወጣል።

እንቅልፍና ስክሪን ሴቨር ይጥፉ። ኖቲፊኬሽን በሙሉ ይዘጋ። አውቶማቲክ አፕዴት፣ ታይም ማሽንና የክላውድ ማመሳሰል ይቁሙ፤ ዲስኩን በሾው መሐል የሚሻሙት እነዚህ ናቸው። ብሉቱዝ አጥፉ፤ ያለበለዚያ የአንዱ ሰው ኢርፎን ሳይታሰብ ተገናኝቶ ድምፁን ይወስደዋል። የማኩ የሲስተም ድምፅ በላፕቶፑ የራሱ ስፒከር እንዲወጣ አድርጉ፤ ኪውላብ ብቻ በኦዲዮ ኢንተርፌሱ ይውጣ። ይህን ከለያችሁ ማንኛውም የስህተት ጩኸት ወደ አዳራሹ ስፒከር መድረሻ የለውም።

ስክሪኑን ከሚረር (ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ዓይነት ከሚያሳዩበት) ወደ ኤክስቴንድ (ለየብቻ ወደሚያሳዩበት) ቀይሩ። ፕሮጀክተሩ ሁለተኛ ስክሪን ሆኖ ጥቁር ጀርባ ይኑረው። ተመልካቹ የእናንተን ዴስክቶፕ የሚያይበት ምክንያት የለም።

3. ኔትወርኩን ለብቻው ሥሩ

ላፕቶፑን፣ ቦርዱንና ኖዱን በስዊቹ አገናኙ። የአዳራሹን ኢንተርኔት እዚህ ስዊች ላይ አትሰኩ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ስጡ፦ ማኩ 192.168.1.10፣ ቦርዱ 192.168.1.20፣ ኖዱ 192.168.1.30፤ ሰብኔት ማስኩ ለሁሉም 255.255.255.0። ኖዱ ከፋብሪካው በ2 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ከመጣ (የአርትኔት ልማድ ነው) ወደ እናንተ ቁጥር ቀይሩት። አድራሻውን በቴፕ ላይ ጽፋችሁ መሣሪያው ጀርባ ለጥፉት።

ቋሚ አይፒ ለምን? አድራሻው በራሱ የሚታደል ከሆነ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቦርዱ ሌላ ቁጥር ይዞ ሊነሳ ይችላል። ኪውላብ ግን ወደ ድሮው ቁጥር መላኩን ይቀጥላል፤ ማንም ምንም ሳይነካ መብራቱ መታዘዝ ያቆማል።

ዋይፋይ አትጠቀሙ። በባዶ አዳራሽ ይሠራል። 300 ሰው ከነስልኩ ሲገባ ግን ያው ዋይፋይ ይንተባተባል። የማኩንም ዋይፋይ በሾው ሰዓት አጥፉት፤ ትእዛዙ በተሳሳተ በር እንዳይወጣ።

4. ፋይሎቹን አስተካክሉ

ድምፅ ዌቭ ወይም ኤአይኤፍኤፍ ይሁን። ኤምፒ3 ይጫወታል፣ ግን በተለይ ለሚደጋገም ድምፅ አይሆንም፤ ፋይሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር ሉፑ በየዙሩ ይቆረጣል። መጀመሪያ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ቁረጡ፤ ቁልፉን ስትጫኑ ወዲያው ይሰማ።

ቪዲዮ ፕሮሬስ ወይም ሃፕ ይሁን። ከስልክ ወይም ከዩቲዩብ የሚመጣው ኤች 264 መጠኑ ትንሽ ነው፣ ለመፍታት ግን ኮምፒውተሩን ያደክማል። ሁለት ቪዲዮ ሲደራረብ መዘግየቱ ይታያል። ጀርባው የሚያሳልፍ ቪዲዮ ካላችሁ ፕሮሬስ 4444 ወይም ሃፕ አልፋ ያስፈልጋል።

ሁሉም ፋይል በአንድ ፎልደር ውስጥ ይሁን። ከዴስክቶፕ አንዱን፣ ከፍላሽ ሌላውን ጎትታችሁ ካስገባችሁ ፍላሹ በተነቀለ ቀን ኪዎቹ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ ኪውላብ ራሱ ወርክስፔሱን (የሾውን ኪዎች ሁሉ የያዘውን ሰነድ) ከነፋይሎቹ ጠቅልሎ ወደ አንድ ፎልደር የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው (ባንድል ወርክስፔስ ይባላል)፤ መጠባበቂያ ቅጂ የምትወስዱት በዚያ ነው።

5. ድምፁንና ስክሪኑን አገናኙ

ኦዲዮ ኢንተርፌሱን በኪውላብ የድምፅ ፓች (ድምፁ በየት እንደሚወጣ የሚወሰንበት ቦታ) ውስጥ ምረጡ። ከኢንተርፌሱ ወደ ዲአይ ቦክስ፣ ከዲአይ ወደ ሚክሰር ውሰዱ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን «ሁምም» የሚል ድምፅ ከመጣና ቻርጀሩን ስትነቅሉት ከጠፋ፣ ነገሩ የግራውንድ ሉፕ (መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ በግራውንድ ሽቦ ሲገናኙ የሚመጣ ጩኸት) ነው፤ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለውን የግራውንድ ሊፍት ማብሪያ ተጫኑ። የቻርጀሩን ወይም የሚክሰሩን የግራውንድ ሽቦ መቁረጥ ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

የድምፁን መጠን ሚክሰሩ ላይ አንድ ጊዜ አስተካክሉና ምልክት አድርጉበት። በኪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ኪውላብ ውስጥ አስተካክሉ። ሁለቱንም በየቀኑ ካንቀሳቀሳችሁ የትናንቱን ድምፅ መልሳችሁ አታገኙትም።

ፕሮጀክተሩን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ፕሮጀክተሩን ሲያጠፋው ማኩ «ሁለተኛ ስክሪን የለም» ብሎ መስኮቶቹን ሁሉ ሊያዘዋውር ይችላል፤ ሲበራ ደግሞ ወደ ቦታው ላይመለስ ይችላል። ከማኩ ጋር የሚሰካ ትንሽ የኢዲአይዲ ማስመሰያ መሣሪያ አለ፤ ፕሮጀክተሩ ቢጠፋም ማኩን «ስክሪኑ አለ» ይለዋል። ከሌላችሁ ፕሮጀክተሩን አታጥፉት፤ ሸተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) ዝጉ።

6. የመብራት ቦርዱን አስተዋውቁት

ኢኦስ ቤተሰብ የሆነ (የኢቲሲ ኩባንያ) ቦርድ ካላችሁ፣ ቦርዱ ላይ በሾው ኮንትሮል ቅንብር ውስጥ ኦኤስሲ መቀበያውን አብሩና የሚቀበልበትን ፖርት (የመግቢያ ቁጥር) ስጡት፤ 8000 የተለመደ ነው። ከዚያ ከፕሮግራሙ ወጥታችሁ በቦርዱ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ ኬብሉ የተሰካበት በር ኦኤስሲ እንዲያሳልፍ መፈቀዱን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አድርጎ ሁለተኛውን ይረሳና ግማሽ ቀን ኬብል ሲቀያይር ይውላል።

ኪውላብ ላይ የኔትወርክ ፓች ፍጠሩ፤ የመሣሪያውን ዓይነት ኢኦስ በሉት፣ የቦርዱን አይፒና ያንኑ ፖርት አስገቡ። ኪውላብ 5 ለኢኦስ የተዘጋጀ ሜኑ ስላለው ትእዛዙን ፊደል በፊደል መጻፍ አያስፈልግም።

አሁን ዋናው ነጥብ። ቦርዱን ስታዙ «ቀጣዩን አስነሳ» አትበሉት፤ «ኪው 40ን አስነሳ» በሉት። «ቀጣዩን» ካላችሁና በልምምድ መሐል መብራት የያዘው ልጅ አንዴ በእጁ ወደ ፊት ከሄደ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሾው በሙሉ በአንድ ደረጃ ይዛነፋል። በቁጥር ካዘዛችሁ ግን የሚቀጥለው ትእዛዝ ሁሉን መልሶ ቦታው ያስገባዋል።

ፌድ (ቀስ በቀስ መጨመር ወይም መቀነስ) የሚሠራውም አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። የመብራት ፌድ ጊዜ ቦርዱ ውስጥ ይቀመጥ፣ ኪውላብ ማስነሳት ብቻ ይሥራ። ቦርዱ ላይ በራሱ የሚከተል ኪው ካለ ኪውላብ ውስጥ ደግማችሁ አታስነሱት።

ቦርዳችሁ ርካሹ ባለ 192 ቻናል ከሆነ ከኋላው ብዙውን ጊዜ ሚዲ መግቢያ አለው። ኪውላብ የሚዲ ኖት ልኮ የተቀረጸ ሲን (የመብራት አቀማመጥ) ማስጠራት ይችላል። የትኛው ኖት የትኛውን ሲን እንደሚጠራ ከመመሪያው መጽሐፍ አውጡና በወረቀት ለጥፉት። የሚዲ ኬብል ከ15 ሜትር አይለፍ።

በኖድ የምትሠሩ ከሆነ የዲኤምኤክስ መስመሩ መጨረሻ ላይ ባለ 120 ኦም ተርሚኔተር ሰኩ፤ የማይክ ኬብልን በዲኤምኤክስ ቦታ አትጠቀሙ። ያለ ተርሚኔተር ምልክቱ ከመስመሩ ጫፍ ተመልሶ ራሱን ያበላሻል፤ መብራቶቹም ያለ ትእዛዝ ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

7. አንዱን ኪው ሙሉ በሙሉ ሥሩት

ሌላው ሁሉ የዚህ ድግግሞሽ ስለሆነ አንዱን በዝግታ እንየው። ትዕይንቱ እንዲህ ነው፦ ማታ፣ ቤት ውስጥ። እናትየው መስኮት ጋ ቆማ «ዛሬም አልመጣም» ስትል መብረቅ ይበርቃል፣ ነጎድጓድ ይከተላል፣ የቤቱ መብራት ይጠፋል፣ ዝናቡ ይጀምራል። ከዚያ ልጅቷ ክብሪት ጭራ ሻማ ታበራለች።

የግሩፕ ኪው ፍጠሩና 40 በሉት። ሁነታውን ታይምላይን አድርጉ፤ ውስጡ ያሉት ሁሉ በአንድ ላይ ይነሳሉ፣ ማን መቼ እንደሚገባ ደግሞ በየራሳቸው ፕሪዌይት (ከመነሳታቸው በፊት በሚጠብቁት ጊዜ) ይወሰናል።

- የኔትወርክ ኪው፦ ቦርዱ ላይ 40፣ የመብረቁ ብልጭታ። ፕሪዌይት 0።
- የድምፅ ኪው፦ ነጎድጓድ። ፕሪዌይት 1.5 ሰከንድ።
- የኔትወርክ ኪው፦ ቦርዱ ላይ 41፣ የቤት መብራት መጥፋት። ፕሪዌይት 2 ሰከንድ።
- የድምፅ ኪው፦ ዝናብ፣ ከዝምታ የሚነሳ፣ ሉፕ የተደረገ። ፕሪዌይት 3 ሰከንድ።
- የፌድ ኪው፦ ዒላማው ዝናቡ፣ በ8 ሰከንድ ወደ ሙሉ ድምፅ። ፕሪዌይት 3 ሰከንድ።

1.5 ሰከንዷ በግምት የመጣች አይደለችም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ ይህ መብረቅ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የወደቀ ይመስላል። ግማሽ ሰከንድ ብታደርጉት ጣሪያው ላይ የወደቀ ነው፤ አራት ሰከንድ ብታደርጉት ከተራራው ማዶ ነው። ብልጭታና ጩኸት እኩል ሲነሱ ግን ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ «ውሸት ነው» ይላል።

ሻማው 50 ነው፣ ለብቻው፣ በራሱ ቁልፍ። እዚህ ጋ ነው ሰዎች የሚሳሳቱት፤ ከ40 በኋላ 12 ሰከንድ ቆጥረው በራሱ እንዲነሳ ያደርጉታል። ክብሪት ግን አንዳንዴ በመጀመሪያው አይበራም። ልጅቷ ሦስተኛውን ክብሪት እየጫረች መድረኩ በሻማ ብርሃን ከተጥለቀለቀ ሳቅ ይነሳል። ቁልፉን የያዘው ሰው እሳቱን አይቶ ይጫን።

በኦቶ ኮንቲኒዩና በኦቶ ፎሎው መካከል ያለውን ልዩነትም እዚሁ ያዙት። ኦቶ ኮንቲኒዩ ይህኛው ገና እንደተነሳ (ፖስትዌይት የሚባል መቆያ ከተሰጠው ቆጥሮ) ቀጣዩን ያስነሳል፤ ኦቶ ፎሎው ይህኛው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሉፕ የተደረገ ዝናብ ላይ ኦቶ ፎሎው ብታደርጉ ዝናቡ አያልቅምና ቀጣዩ መቼም አይመጣም።

ዝናቡን ለማቆም ሌላ የፌድ ኪው ሥሩ፤ ወደ ዝምታ ሲደርስ ዒላማውን እንዲያቆም የሚያደርገውን ምልክት አድርጉበት። ካልሆነ ዝናቡ በዝምታ መጫወቱን ይቀጥላል፤ ሾው መጨረሻ ላይ አሥር የተረሱ ድምፆች ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲሮጡ ታገኛላችሁ።

8. ለሚረዝምና ለሚያጥር ነገር መቆያ ሥሩ

ተመልካች ሲያጨበጭብ፣ ተዋናይ ልብስ ሲቀይር፣ ዘፋኝ ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት ጊዜው አይታወቅም። በኪውላብ የድምፅ ፋይሉን ወደ ክፍሎች መቁረጥ ይቻላል። የሚደጋገመውን ክፍል ማለቂያ የሌለው ሉፕ አድርጉት፤ ቀጥሎ ዲቫምፕ የሚባል ኪው አስገቡ። ዲቫምፑን ስትጫኑ ሙዚቃው መሐል ላይ አይቆረጥም፤ የያዘውን ዙር ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። ክፍሉን ስትቆርጡ በትክክል ምቱ ላይ ቁረጡ። የችክችካ ምት ላይ ትንሽ ከሳታችሁ እግሩ የለመደ ተመልካች ሁሉ ይሰማዋል።

9. ታይምኮድ፦ መቼ አዎ፣ መቼ አይ

ባንዶች የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ታይምኮድ ማለት በየፍሬሙ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ እያለ የሚቆጥር ምልክት ነው። ኤልቲሲ የሚባለው ዓይነት እንደ ድምፅ በኬብል ይሄዳል፤ የመብራት ቦርዱ ሰምቶት እያንዳንዱን ብልጭታ በቦታው ያስነሳል።

ከበሮ መቺው በጆሮው ክሊክ (የምት መቁጠሪያ ድምፅ) እየሰማ የሚጫወተው፣ ከትራክ ጋር የተያያዘ፣ ርዝመቱ የማይለወጥ ዘፈን ከሆነ አዎ። በትዝታ የሚጀምር፣ ዘፋኙ መግቢያውን እንደ ስሜቱ የሚጎትተው ከሆነ ለመግቢያው አይሆንም። ሁለቱን አጋቡ፤ መግቢያውን በእጅ በቁልፍ ንዱት፣ ከበሮው ሲገባ ታይምኮድ ያለውን ትራክ አስነሱ። ሽልማት የሚበዛበት መድረክ ላይ ደግሞ ታይምኮዱን ተዉት፤ ዘፋኙ «አንዴ ድገሙልኝ» ሲል ኮምፒውተሩ አይደግምም።

የምትሠሩ ከሆነ ባለ አራት ቻናል ፋይል አዘጋጁ፦ 1 እና 2 ሙዚቃ፣ 3 ክሊክ፣ 4 ኤልቲሲ። ኤልቲሲውን ሪፐር በሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ካለው ጀነሬተር ማውጣት ይቻላል። አራት ቻናል ስለሚወጣ አራት መውጫ ያለው ኢንተርፌስና የሚከፈልበት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፍሬም ሬቱን 25 አድርጉና በፋይሉም በቦርዱም አንድ ይሁን። 30 እና 29.97ን የሚያደባልቅ ሰው በሰዓት 3.6 ሰከንድ ይስታል፤ በአምስት ደቂቃ ዘፈን ከሩብ ሰከንድ በላይ ማለት ነው፣ መብራቱ ከምቱ ሲወጣ በዓይን ይታያል። የታይምኮዱ ቆጠራ ለመጀመሪያው ዘፈን ከ1 ሰዓት፣ ለሁለተኛው ከ2 ሰዓት፣ ለሦስተኛው ከ3 ሰዓት ይጀምር። የዘፈኖቹን ተራ ብትቀያይሩ ምንም አይነካም። ከሙዚቃው በፊት አምስት ሰከንድ ያህል የታይምኮድ መሪ ተዉ፤ ቦርዱ ይዞ እስኪረጋጋ።

የኤልቲሲ መስመር ላይ ኢኪው፣ ኮምፕሬሰር፣ ሪቨርብ አይነካ፤ ወደ ኤምፒ3ም አይቀየር። ከአዳራሹ ስፒከር እንዳይወጣ ሚክሰሩ ላይ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ የድሮ ፋክስ የሚመስል ጩኸት ነው፣ ጆሮ ይጎዳል።

ማስጠንቀቂያ

የሚንቀሳቀስ ነገርና እሳት በዚህ አሠራር አይነዳም። ከላይ የሚወርድ ዲኮር፣ የሚነሳ ወለል፣ ርችት፣ የእሳት ነበልባል የራሳቸው መቆጣጠሪያ፣ የራሳቸው ድንገተኛ ማቆሚያና በዓይኑ የሚያይ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ኦኤስሲ ብዙውን ጊዜ በሚላክበት በዩዲፒ የሚሄድ ትእዛዝ መድረሱን ማንም አያረጋግጥላችሁም። መብራት ላይ አንድ ትእዛዝ ቢጠፋ ትዕይንቱ ይበላሻል፤ እሳት ላይ ቢጠፋ ወይም ዘግይቶ ቢደርስ ሰው ይቃጠላል።

የጭስ ማሽንን በዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ቻናል ላይ አትሰኩ፤ ማሞቂያውም ፓምፑም ይበላሻል። ስትሮብ (በፍጥነት ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት) ካለ መግቢያው ላይ ለተመልካች ማስታወቂያ ለጥፉ።

አንድ የመድረክ መብራት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሲስተም ውጭ ይሁን፤ በግድግዳ ማብሪያ የሚበራ። ሁሉም ነገር ቢቆም ተዋንያኑ በጨለማ ደረጃ ላይ መቅረት የለባቸውም።

10. ለመጥፎው ደቂቃ ተዘጋጁ

በኪውላብ ኢስኬፕን አንዴ ስትጫኑ የሚጫወተው ሁሉ በዝግታ ወርዶ ይቆማል፤ ሁለቴ በፍጥነት ስትጫኑ ወዲያው ይቆማል። ግን ይህ የመብራት ቦርዱን አይነካም፤ ቦርዱ ባለበት ኪው ላይ ይቆያል። ጨለማ ላይ ከነበረ ጨለማ ነው። ስለዚህ ለብቻው አንድ አዳኝ ኪው ሥሩ፦ ሁሉን ድምፅ በሦስት ሰከንድ የሚያወርድ፣ ቦርዱን ወደ ደማቅ መብራት የሚወስድ። በተራው ውስጥ አይግባ፤ የራሱ ቁልፍ ይሰጠውና ቁልፉ ላይ ቀይ ቴፕ ይለጠፍ።

በወርክስፔሱ ቅንብር ውስጥ በሁለት ጎ (ኪው የማስነሻው ትእዛዝ) መካከል ሊኖር የሚገባውን ትንሹን ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ያህል አድርጉት። የፈራ ጣት ስፔስ ባሩን ሁለቴ ይመታል።

መብራት ቢሄድስ? ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ኢንተርፌሱ ከላፕቶፑ ይበላል፣ ቦርዱና ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ጀነሬተሩ እስኪነሳ የሚጠፉት ፕሮጀክተሩ፣ ሚክሰሩ፣ ስፒከሩና የመድረክ መብራቶቹ ራሳቸው ናቸው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ድንገት ከጠፋ ቀዝቅዞ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ያለ ቪዲዮ የሚሄደው ትዕይንት የትኛው እንደሆነ ከአዘጋጁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሚክሰሩንና ስፒከሩን ጀነሬተሩ ከረጋ በኋላ አብሩ፤ ሚክሰሩ ቀድሞ፣ ስፒከሩ መጨረሻ።

11. ያለ ተዋንያን፣ ከዚያ ከተዋንያን ጋር

መጀመሪያ ኪዎቹን ብቻ ከ10 እስከ መጨረሻ ተጫኑ፣ ማንም መድረክ ላይ ሳይኖር። ኪውላብ የተበላሹ ኪዎችን የሚዘረዝርበት መስኮት አለው፤ ባዶ እስኪሆን አትቀጥሉ። ቪዲዮና ድምፅ አብሮ የሚመታበት ቦታ ካለ በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹትና እዩ፤ ፕሮጀክተሮች በጥቂት ፍሬም ይዘገያሉ፣ የድምፁን ፕሪዌይት በዚያው ልክ ጨምሩ።

ከተዋንያን ጋር ስትገቡ ሙሉውን ተውኔት አትጫወቱ። ከኪው ወደ ኪው ዝለሉ፦ ምልክቱ ከመምጣቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር በፊት ይጀምሩ፣ ኪው ይነሳ፣ ይቁም፣ ወደ ሚቀጥለው። ስቴጅ ማናጀሩ «40 ተዘጋጅ» ይበል፣ ኦፕሬተሩ «40 ዝግጁ» ይመልስ፣ ከዚያ «40… ጎ»። «ጎ» የምትለው ቃል ለሌላ ነገር አትነገር። «እዚህ ጋ ጎ እንላለን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነጎድጓዱን ያስነሳል።

12. የሾው ቀን

በር ከመከፈቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ሁሉን አብሩ፦ ስዊቹን፣ ቦርዱን፣ ማኩን፣ መጨረሻ ስፒከሩን። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ኪው ሞክሩ፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ቪዲዮ። ወርክስፔሱን ወደ ሾው ሁነታ ቀይሩ፤ በስህተት የተነካ ኪው ቦታውን እንዳይለውጥ። ወደ መጀመሪያው ኪው መመለሳችሁን እዩ። ከዚያ በኋላ ማንም «ትንሽ ነገር ላስተካክል» ብሎ አይንካ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- *ድምፁ ይሠራል፣ መብራቱ አይታዘዝም።* አይፒው፣ ከዚያ ፖርቱ፣ ከዚያ የቦርዱ ኦኤስሲ ፈቃድ። በዚህ ተራ ፈትሹ። የፖርት ቁጥሮቹንም ተጠንቀቁ፤ 53000 ሌላ መሣሪያ ኪውላብን የሚያዝበት ነው፣ ኪውላብ ቦርዱን የሚያዝበት አይደለም።
- *መብራቱ ሁለቴ ይነሳል።* የቦርዱ የራሱ ተከታይ ኪውና የኪውላብ ትእዛዝ ተደራርበዋል። አንዱን አጥፉ።
- *ሁሉም ነገር በአንድ ግሩፕ ውስጥ ነው፣ ሾው በሙሉ በአንድ ጎ ይሄዳል።* ተዋናዩ አንድ ቃል ሲረሳ የሚይዘው ነገር የለም። ሰንሰለቱን ተዋናዩ በሚተነፍስበት ቦታ ሁሉ ቁረጡት።
- *ቅጂው የተወሰደው ወርክስፔሱን ብቻ ነው።* ፋይሉ ሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ድምፅ ግን የለም። ሙሉውን ፎልደር ውሰዱ፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይም ከፍታችሁ አጫውቱት።
- *ኪውላቡን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።* እሱ በሾው ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ መንገድ ተዘግቶበታል። ኪው ሽቱ ታትሞ ማኩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ሌላ አንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሙሉ ልምምድ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ይለፍ።